መሃሉን ለክታችሁ በዳሩ አትፍረዱ

ግልጽ ደብዳቤ
ጥቅምት 2018 ዓ.ም.

ለ፦ የአዲስ አበባን አየር የመለካት፣ የነዋሪውን ጤና የመጠበቅና በሁለቱም ላይ ምርምር የማካሄድ ኃላፊነት ላለባችሁ መሥሪያ ቤቶችና ተቋማት
ጉዳዩ፦ በከተማው ዳርቻ የአየር ብክለትና የጤና ምርምር እንዲጀመር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ፣

ይህን የምጽፍላችሁ ከቱሉ ዲምቱ ነው። የሁለተኛ ደረጃ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። የአየር ብክለት ተመራማሪ አይደለሁም፤ ግን ቢመረመር የምለውን አየር ከነቤተሰቤ፣ ከነተማሪዎቼ በየቀኑ የምተነፍስ ሰው ነኝ። ነገር ማስረዘም ስለምወድ ጥያቄዬን ከወዲሁ ላስቀድም። በከተማው ዳርቻ፣ በአቃቂና በኮዬ ፈጬ፣ በአያትና በየካ አባዶ፣ በጀሞና በረጲ፣ በአየሩ ውስጥ ያለው ብናኝ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ከምን እንደተሠራና የት እንደተወለደ የሚለይ ልኬት ይጀመር። ውጤቱ ከየጤና ጣቢያው መዝገብ ጋር ጎን ለጎን ይነበብ። የተነበበውም ለእኛ ይነገረን።

እስካሁን ስለ አዲስ አበባ አየር የምናውቀው በአብዛኛው ከመሃል ከተማ የተገኘ ነው። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት በየሰዓቱ ይፋ ያደርገው የነበረው የደቃቅ ብናኝ ልኬት፣ በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ዋሽንግተን በየአገሩ ያሉ ኤምባሲዎቿን የአየር መረጃ ማሰራጨት ስታቆም አብሮ ቆመ። በውሰት መለኪያ የሚኖር ከተማ ባለቤቱ ሲወስድበት ባዶ እጁን ይቀራል፤ ይህ ራሱ አንድ ትምህርት ነው። የአገራችን ተመራማሪዎችም መሃል ከተማ ላይ ብናኙን በማጣሪያ ሰብስበው በላቦራቶሪ ፈትሸዋል። ከትልልቆቹ ምንጮች መካከል መኪና፣ እንጨትና ከሰል፣ እንዲሁም የአፈር አቧራ እንደሚገኙበት አሳይተውናል። ሥራቸውን አደንቃለሁ። ነገር ግን የጥቁር አንበሳን ወይም የፒያሳን አየር ድርሻ በድርሻ ማወቅ የእኛን አየር ማወቅ አይደለም። የእኛ ቅልቅል ሌላ ነው።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ከኮንዶሚኒየሙ የላይኛው ፎቅ ኮሪደር ቁልቁል ለሚያይ ሰው ቅልቅሉ በዓይኑ ሥር ነው። በአንድ በኩል የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ መነሻ አለ፤ ጭነት የያዘው ሲኖትራክ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጥቁር ጭስ ይተፋል። ሬድ አሽ በፈሰሰበት የውስጥ መንገድ ባጃጁና ቅጥቅጥ አይሱዙው ቀይ አቧራ እየጎተቱ ያልፋሉ። በሕንፃዎቹ መካከል ኮሚናሉ፣ የነዋሪው የጋራ መገልገያ ቤት፣ አለ። መብራት ካለ በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገርበታል፤ መብራት ከሌለ ደግሞ (ጠዋት መጥፋት ይወዳል) እንጀራ ጋግረው የሚሸጡት ሴቶች ደጁ ላይ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይለኩሳሉ፤ ጭሱ ነጭና ወፍራም ነው። ከግንባታው አጥር ሥር ጥበቃው የሲሚንቶ ከረጢትና የፌስታል ክምር አቃጥሎ እጁን ያሞቃል። ከዚያ ወዲያ የገበሬው ማሳ፣ ከማሳው ጥግ ደግሞ የወተት ላሞች በረት፣ ከበረቱ ጎን የእበት ክምር። መሃል ከተማ ውስጥ እነዚህን ሁሉ በአንድ እይታ አታገኟቸውም።

ባለፈው ዓመት ከተማሪዎቼ ጋር የሠራነውን ልንገራችሁ። የላቦራቶሪ ስላይድ ላይ ስስ ቫዝሊን ቀብተን አንዱን ከአስፋልቱ ዳር፣ አንዱን ከኮሚናሉ ጎን፣ አንዱን ወደ ማሳው ከሚያይ መስኮት ላይ አስቀመጥን። ቆየት ብለን በትምህርት ቤታችን ማይክሮስኮፕ አየናቸው። ከአስፋልቱ የመጣው ላይ እርስ በርሱ የተያያዘ ጥቁር ጥቀርሻ ነበር፤ ከኮሚናሉ የመጣው ላይ ቡናማ፣ ቅባት የሚመስል ነጠብጣብ፤ ከማሳው በኩል የመጣው ላይ ሹል ሹል የአፈር ቅንጣት። ልጆቹ ተደስተው መቁጠር ጀመሩ። በሰውነት ላይ ከፍተኛ ጉዳት የሚያደርሱት ግን በዚህ ማይክሮስኮፕ የማይታዩት እንደሆኑ ስነግራቸው አንዷ እጇን አወጣች።

«ታዲያ ቲቸር፣ እኛ የቆጠርነው ምኑን ነው?»

ከዚያች ጥያቄ በኋላ ነው ይህን ደብዳቤ ማሰብ የጀመርኩት። ምክንያቱም መልሱ ከእኛ ስላይድ ብቻ ሳይሆን ከብዙ የቁጥጥር አሠራርም ጋር የሚጋጭ ነው። አሠራሩ ብክለት ማለት ከጭስ ማውጫ የሚወጣ ነገር ነው ብሎ ይነሣል፤ ስለዚህ ጭስ ማውጫውን ያያል፣ ባለቤቱን ይቀጣል። ከብናኙ ውስጥ ግን ማንም ያልለቀቀው፣ አየር ላይ የተሠራ ብዙ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ውስጥ ያለው ሙቀት ከፍተኛ በመሆኑ የአየሩ ናይትሮጅንና ኦክስጅን ይዋሐዳሉ፤ ናይትሮጅን ኦክሳይዶች ይፈጠራሉ። ነዳጁ ንጹሕ ቢሆንም ይህ አይቀርም፤ ናይትሮጅኑ የመጣው ከአየሩ ነውና። እነዚህ ጋዞች ከመኪናው ወጥተው ሲጓዙ ቀስ በቀስ ወደ ናይትሪክ አሲድ ይለወጣሉ። በሌላ በኩል ከላሙ ሽንት፣ ከእበቱ፣ ከዶሮ ቤቱ፣ ከሽንት ቤት ጉድጓዱ፣ ገበሬው ማሳው ላይ ከበተነው ዩሪያም ጭምር አሞኒያ ይተናል። አሞኒያን ለማወቅ በረት ደጃፍ መቆም ብቻ ይበቃል፤ ዓይን ያቃጥላል። አሲዱና አሞኒያው በቀዝቃዛ ሌሊት ሲገናኙ አሞኒየም ናይትሬት የተባለ ጨው ይሆናሉ፤ ለማዳበሪያነት የሚያገለግለው ያው ጨው፣ እዚህ ግን በዓይን የማይታይ ደቃቅ ብናኝ ሆኖ። ሰልፈር ያለበት ነዳጅ ሲነድም ተመሳሳይ ነገር ይሆናል፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይዱ ወደ ሰልፌት ይለወጣል። አሁን ካርታውን አስቡት። ከተማው አሲዱን ያቀርባል፣ ገጠሩ አሞኒያውን ያቀርባል፣ የሚገናኙት ዳር ላይ ነው። በየጭስ ማውጫው ሥር ተቆጣጣሪ ብታቆሙ ይህን ብናኝ አያገኘውም። የሚያገኘው ማጣሪያ ላይ ሰብስቦ የሚፈትሽ ሰው ነው።

ኦዞንም ከዚሁ ወገን ነው። ሰማይ ላይ ያለው ኦዞን ከፀሐይ ጨረር ይጋርደናል፤ መሬት አጠገብ ሲፈጠር ግን ሳንባ ይቆጣል፣ አስም ይቀሰቅሳል፣ እንደ ስንዴ ያለ ሰብልም ይጎዳል። እርሱንም የሚያወጣ ጭስ ማውጫ የለም። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አሪ ሃገን-ስሚት የሚባል ትውልደ ሆላንድ ኬሚስት፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የአናናስን ሽታ ያጠና የነበረ ሰው፣ የሎስ አንጀለስን ጭጋግ በዚያው የሽታ መመርመሪያ ዘዴው ፈተሸውና ምሥጢሩን አገኘ። ከመኪና የሚወጣው ያልተቃጠለ የነዳጅ ትነትና ናይትሮጅን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ሲመታ ኦዞን ይወልዳል። የዘይት ኩባንያዎቹ አልወደዱለትም፤ ኬሚስትሪው ግን ትክክል ነበር። ለእኛ የሚያሳስበው ክፍል ቀጥሎ ያለው ነው። መኪና በበዛበት ጎዳና ላይ ትኩስ የወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ ኦዞኑን ስለሚበላው ልኬቱ ዝቅ ይላል። ነፋሱ ጋዞቹን ወደ ዳር ሲነዳቸው የሚበላው እየቀነሰ፣ የሚፈጠረው እየጨመረ ይሄዳል። በሌሎች ከተሞች ከመሃሉ ይልቅ ዳርቻው ላይ ኦዞን ከፍ ብሎ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። እኛ ደግሞ ከምድር ወገብ ብዙ ሳንርቅ፣ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለን፣ ጠንካራ ፀሐይ ሥር ነው ያለነው። መኪናው የመሃል ከተማ ሰው ሆኖ ኦዞኑ የዳር ከተማ ሰው ዕጣ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ መለካት አለበት።

ከፍታው ሌላም ጣጣ አለው። በአዲስ አበባ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለ ሰው ሩብ ያህል ያነሰ ነው። አሮጌ ሞተርም እንደኛው ያጥረዋል፤ በወጉ ሳያቃጥል ጥቀርሻና ካርቦን ሞኖክሳይድ ያበዛል። በበጋ ሌሊት ደግሞ ሰማዩ ይጠራና መሬቱ ሙቀቱን ቶሎ ይለቃል፤ መሬት አጠገብ ያለው አየር ቀዝቅዞ ይተኛል፣ ሞቅ ያለው ከላዩ ይከደናል፣ ልክ ምጣድ ላይ እንደተደፋ አክንባሎ። የሲኖትራኩ፣ የጭራሮው፣ የጥበቃው እሳት ጭስ ከሥሩ ታፍኖ ያድራል። ፀሐይዋ ጠንከር ብላ አክንባሎውን የምታነሣው ረፋዱ ላይ ነው። ያ ታፍኖ ያደረው አየር ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ታክሲ ሰልፍ፣ አማኙ ወደ ኪዳን የሚሄድበት አየር ነው። ክረምት ሲገባ ዝናቡ አቧራውን ያሳርፈዋል፤ ነገር ግን ብርድ የያዘው ሰው በሩን ዘግቶ ከሰል ያነዳል። የከሰል ጭስ ቤት ውስጥ ገደላቸው የሚለውን ዜና በየበዓሉ የማንሰማበት ዓመት የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ደማችን ውስጥ ኦክስጅን በሚይዘው ቦታ ላይ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በጠነከረ ኃይል ይጣበቃል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው።

ወደ ጤናው ልምጣ። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጠውን ብናኝ ተመራማሪዎች ለብቻው የሚለኩት በምክንያት ነው። የፀጉራችን ውፍረት የዚህን 30 እጥፍ ገደማ ነው። ትልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ ይይዙታል፤ በአክታ ይወጣል። ይህኛው ግን እስከ ሳንባችን የመጨረሻ የአየር ከረጢቶች ይዘልቃል፤ ከሁሉ የረቀቀው ወደ ደም ይሻገራል። እዚያ ሲደርስ ጉዳዩ የሳንባ ብቻ መሆኑ ያበቃል። ሰውነት ይቆጣል፣ የደም ሥር ይደነድናል፣ ደም በቀላሉ ይረጋል፤ የልብ ድካምና ስትሮክ ይከተላሉ። ሰው «በድንገት ወደቀ» ሲባል ጭስን የሚጠረጥር የለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የደጅ አየር ብክለትን ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ የመደበው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ የናፍጣ ሞተርን ጭስ ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ። ይኸው ድርጅት የቤት ውስጥ ጭስ ሕፃናት በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸውን በእጥፍ ገደማ ከፍ እንደሚያደርገው፣ የቤትና የደጅ አየር ብክለት በአንድነት በዓመት 6.7 ሚሊዮን ያህል ሰው ያለ ዕድሜው እንደሚቀጥፍ ይገልጻል። በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደቃቁ ብናኝ በዓመት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ5 ማይክሮግራም፣ በ24 ሰዓት አማካይ ከ15 እንዳይበልጥ መክሯል። ይህን የሚያሟላ አየር የሚተነፍሰው የዓለም ሕዝብ ከመቶ አንድ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ ለምን አላሟላችሁም ብዬ አልወቅሳችሁም። የእኛን ቁጥር ልወቅ ነው የምለው።

እኛ ሰፈር ሁሉም ሰው ሳይነስ አለበት። ሳይነስ ያልሆነው አለርጂክ ነው፤ አለርጂክ ያልሆነው ብርድ መትቶት ነው። ጎረቤቴ እትዬ፣ ኮሚናሉ ደጅ የሚጋግሩት እናት፣ ሌሊት ሲያስላቸው ያድርና ጠዋት ዳማከሴ አሽተው ጠጥተው ወደ ምጣዳቸው ይመለሳሉ። ጤና ጣቢያ ሲሄዱም ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው ያመማቸው እንጂ ምን ሲተነፍሱ እንደኖሩ አይደለም። ነርሶቹን አልወቅስም፤ ካርዱ ላይ ለዚያ የተተወ ቦታ የለም፤ ቢኖርም የዕለቱ አየር ምን እንደነበረ የሚነግራቸው የለም። ስለዚህ ሁለት መዝገብ ያስፈልጋል፤ አንዱ የአየሩ፣ አንዱ የሕመምተኛው። ተለያይተው ከተቀመጡ ሁለቱም ዲዳ ናቸው።

ለንደን ይህን በከባድ ዋጋ ነው የተማረችው። በ1952 እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ መጀመሪያ ለአምስት ቀን ከተማዋ ላይ የተኛው የከሰል ድንጋይ ጭስ ወደ 4,000 ሰው እንደገደለ በጊዜው ተገመተ፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ወደ 12,000 አስጠግቶታል። መጀመሪያ ላይ ኢንፍሉዌንዛ ነው ብለው ሊያልፉት የፈለጉ ነበሩ። አላሳለፋቸውም፤ የሞት መዝገቡ በየሳምንቱ ይሞላ ነበር፤ ጭሱና ሰልፈር ዳይኦክሳይዱም በየቀኑ ይለካ ነበር። ሁለቱ ሲተያዩ ሞቱ ከጭሱ ጋር አብሮ ወጥቶ አብሮ ወረደ። በ1956 እ.ኤ.አ. የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። አሜሪካኖቹ ደግሞ በስድስት ከተሞች የሚኖሩ ከ8,000 በላይ ጎልማሶችን ከ14 እስከ 16 ዓመት ተከታትለው በ1993 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አወጡ። ማጨስን የመሳሰሉ ሌሎች ምክንያቶች ከሒሳቡ ከወጡ በኋላም፣ አየሩ ክፉኛ በተበከለው ከተማ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉ ንጹሕ ከሆነው ከተማ ሰው በ26 በመቶ በልጦ ተገኘ። የዓለም ደረጃዎች የቆሙት በእንዲህ ያለ ጥናት ላይ ነው። ግን ከስድስቱ አንዷ በሆነችው፣ ስቱበንቪል በምትባል የኦሃዮ የብረት ከተማ የተገኘ ቁጥር ለቱሉ ዲምቱ ሴት እንዳለ ይሠራል ማለት ይከብደኛል። የእርሷ ጭስ የባሕር ዛፍ ቅጠል ነው፤ ከፍታዋ ሌላ ነው፤ እሳቱ ፊት የምትውለው ሰዓት ሌላ ነው።

አሁን የምለው ምናልባት አንዳንዶቻችሁን ላያስደስት ይችላል። ምርምር ሳይኖር እርምጃ ሲቸኩል የሚያርፈው በደካማው ላይ ነው። ጭሷ ነጭና የሚታይ የሆነችው እንጀራ ጋጋሪ ቶሎ ትያዛለች። አየር ላይ የሚሠራው ናይትሬት ግን ስም የለው፣ አድራሻ የለው። ድርሻ በድርሻ ሳናውቅ ጭራሮ እንከልክል ማለት የአንዲትን እናት ገቢ ቆርጦ አየሩን ብዙም ሳይለውጥ ሊቀር ይችላል፤ ወይም በተቃራኒው ከሁሉ የሚበልጠው የእርሷው ጭስ ሆኖ ይገኝና፣ ያን ጊዜ መፍትሔው የማይቋረጥ መብራትና በአነስተኛ ክፍያ የሚገኝ የኤሌክትሪክ ምጣድ ይሆናል እንጂ ደንብ አስከባሪ አይሆንም። አገራችን ከ90 በመቶ በላይ ኤሌክትሪኳን ከውኃ ታመነጫለች። ቻይናና ሕንድ ከሚታገሉት የከሰል ድንጋይ ማመንጫ ጭስ ነጻ ሆነን ሳለ ጠዋት ቅጠል ማንደዳችን እኔን ያናድደኛል።

በኤሌክትሪክ መኪናውም ላይ እንዲሁ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ደግፌዋለሁ። ነገር ግን የእኛን መንገድ የሚያጨሰው አውቶሞቢል አይደለም፤ ከባዱ መኪና ነው። አቧራውም ባትሪና ናፍጣ አይለይም። ከጎማ፣ ከፍሬንና ከመንገዱ የሚነሣው ብናኝ መኪናው ኤሌክትሪክ ሲሆን አይጠፋም። ምናልባት እዚህ ከሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት ኮብልስቶን ሊሆን ይችላል! ማጣሪያው ይንገረን።

ማጣሪያው ደግሞ ይናገራል፤ አሻራ አለውና። እንጨትና ቅጠል ሲነድ ሌቮግሉኮሳን የሚባል ስኳር መሰል ነገር ይተዋል፣ ፖታሲየምም ያበዛል። የሞተር ዘይት ሆፔን የሚባሉ ውሕዶችን ይተዋል። ፍሬን መዳብ፣ ባሪየምና አንቲሞኒ ይረጫል። አፈር ሲሊከን፣ አሉሚኒየም፣ ካልሲየም ነው። ፕላስቲክ ሲቃጠል ትራይፊኒልቤንዚን ይገኛል። ለክብደትና ለንጥረ ነገሮቹ የቴፍሎን ማጣሪያ፣ ለካርቦኑ የኳርትዝ ማጣሪያ፣ በቀን አንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው፣ ማቀዝቀዣ፣ ትክክለኛ ሚዛን። ውድ ነው፤ ግን የሮኬት ሥራ አይደለም፤ መሃል ከተማ ላይ ተሠርቷል። በየምሰሶው ላይ ርካሽ ሴንሰር መስቀል ብቻውን ይበቃል የሚል ካለ ይጠንቀቅ። እነዚህ መሣሪያዎች ብናኙን የሚገምቱት ብርሃን በትኖ በማየት ነው። አየሩ ሲረጥብ ብናኙ ውኃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ ከእውነቱ በላይ ያሳያሉ። የክረምት ጠዋት ንባባቸው ከደህና መሣሪያ ጎን ተቀምጦ ካልታረመ ሰው ያስደነግጣል፣ ወይም ከናካቴው እምነት ያሳጣል። ከታረሙ ግን ዋና መሣሪያ በማይደርስበት መንደር ሁሉ ያገለግላሉ።

ጊዜውን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። ኅዳር 12 ሊደርስ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የኅዳር በሽታ፣ ዓለም የስፔን ጉንፋን ያለው፣ አዲስ አበባ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ፤ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነው የዳኑት። ከዚያ ወዲህ በኅዳር ሚካኤል ዕለት ግቢና ደጅ ጠርጎ ቆሻሻውን ማቃጠል ልማድ ሆኖ ይኸው እስካሁን ኅዳር ይታጠናል። መጥረጉን እወደዋለሁ። ያኔ የሚነደው ገለባ፣ ቅጠልና ኩበት ነበር፤ ዛሬ ፌስታል፣ ዳይፐር፣ አሮጌ ጫማና የመኪና ጎማ ነው። ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት እየተጨናበሰ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፤ በአግባቡ በሚሠራ የቆሻሻ ማቃጠያ ውስጥ ከ850 ዲግሪ በላይ ሙቀት የሚጠየቀው ይህን ለመስበር ነው። ደጃችን ላይ ያለው እሳት ያን አያውቅም። ከዚህም በላይ ዕለቱ የሚውለው የበጋው የሌሊት አክንባሎ መከደን በጀመረበት ሰሞን ነው። ለተመራማሪ ግን ከዚህ የተሻለ ቀን በዓመት ውስጥ አይገኝም! ያው ቦታ፣ ያው ሰው፣ ያው ወቅት፤ ከ12 በፊት ባሉት ቀናት፣ በዕለቱና ከዚያ በኋላ ለክቶ ማወዳደር ይቻላል። በዚያው ሳምንት በየጤና ጣቢያው በሳልና በትንፋሽ ማጠር ካርድ ያወጣውን ሰው ቆጥሮ ከአጠገቡ ማስቀመጥ ነው። ዘንድሮ ባይደርስ ለከርሞ ይደርሳል፤ ዝግጅቱ ግን አሁን ይጀመር።

የት ይተከል ለሚለው፣ ቢያንስ አራት ዓይነት ቦታ ይታየኛል፦ ከባድ መኪና የሚበዛበት የአቃቂና የቃሊቲ መስመር፤ ማሳና በረት የሚያዋስነው አዲስ ኮንዶሚኒየም፤ የረጲ ቆሻሻ መጣያ አካባቢ፤ እንዲሁም የእንጦጦ ግርጌ፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች የሚኖሩበት። ረጲን በተለይ የማነሣው በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ከ110 በላይ ሰው የቀበረው ያ ቆሻሻ ከተናደ በኋላ፣ በነሐሴ 2010 ደግሞ ቆሻሻ የሚያቃጥለው ኃይል ማመንጫ ከተመረቀ በኋላ ሰዉ ስለ ጭሱ ብዙ ስለሚያወራ ነው። ከወሬው የተሻለ ነገር ይገባዋል፤ ማመንጫውም ቢሆን ያላጠፋው ነገር ካለ ነጻ የሚወጣው በልኬት ነው። ጣቢያ ስትተክሉ ደግሞ እባካችሁ የአስተዳደር ወሰን ላይ አትቁሙ። የሸገር ከተማ በረት ያመነጨው አሞኒያ ኬላ ላይ መታወቂያ አይጠየቅም፤ የእኛም የናፍጣ ጭስ ወደ ገላንና ወደ ዱከም ሲሄድ እንዲሁ። ሁለቱ አስተዳደሮች በአንድ ዕቅድ ካልለኩ ግማሽ ሥዕል ነው የሚኖረን።

ውጤቱን ለእኛ ንገሩን ስል በእንግሊዝኛ መጽሔት ላይ የሚወጣውን አልጠላም፤ ለሙያው ያስፈልጋል። የእኔ ተማሪ ግን አያገኘውም፣ እትዬም አያነቡትም። በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ፣ በወረዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ በሬዲዮ ከአየር ሁኔታ ዘገባ ጋር፣ «ዛሬ ጠዋት አስም ያለባችሁ እስከ 4 ሰዓት ከቤት ባትወጡ ይመረጣል» የሚል ይሁን። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ላይ ሁሉም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣም ቆይቷል። ልኬት የሌለበት መብት ችሎት ፊት ምን ብሎ ይቆማል? እኔ ተበክያለሁ ብል በምን አስረዳለሁ፣ አልተበከልክም ብትሉኝስ በምን?

ከእኛ በኩል ማቅረብ የምንችለውን ልናገርና ላብቃ። የትምህርት ቤታችን ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው፤ መወጣጫው ይቆለፋል፤ ቁልፉ ከጥበቃው ዘንድ ነው፤ ሌሊትም ሰው አለ። አጠገቡ የሚጋርድ ሕንፃ ወይም ዛፍ የለም። የኤሌክትሪክ መስመር እስከ ላይ ደርሷል፤ መብራት ስለሚጠፋ ግን መሣሪያው ባትሪ ይዞ ቢመጣ ጥሩ ነው። ማጣሪያ መቀየር ሠልጥነው በየተራ ለመሥራት ፈቃደኛ የሆኑ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አሉኝ፤ ጓንት ማድረግና በመዝገብ ላይ ሰዓት ሳይዘሉ መጻፍ አስተምሬያቸዋለሁ። የወላጅ ስምምነት እኔ አሰባስባለሁ። ለምርመራ የምትመጡ ከሆነ ቅዳሜ ባትሆን ይመረጣል፤ ቅዳሜ ገበያ ስለሆነ መንገዱ ይዘጋል።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የኬሚስትሪ መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ

ግልባጭ፦
ለወረዳችን ጤና ጣቢያ
ለትምህርት ቤታችን የወላጅና መምህራን ኅብረት
ለኮንዶሚኒየሙ ነዋሪዎች ማኅበር (በኮሚናሉ በር ላይ እንዲለጠፍ)